ጥያቄ ቁጥር ሰባት

ካውናስ፣ የካቲት፤ ነሙናስ ወንዝ በረዶ ለብሶ፣
አራተኛው ፎቅ ላይ መብራቱ ቀንሶ፣
ሰዓት ሠሪው ክሌመንሳስ፣ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሌሊት፣
ትንፋሹን ጨርሶ።
ደቂቃዋን እኔ ነኝ መዝገብ ላይ የጻፍኩት።

ሚስቱ ስታሴ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣
ግንባሩን ዳስሳ፣ ሳትጮህ፣ ሳትወድቅ፣
«ልጄ፣ ይሄ ዓይኑ የማርሽ ጥርስ ቆጥሯል፣
ዕድሜ ልኩን ሙሉ ጭላንጭል ለቅሟል፤
ብሌኑን ለማያይ ሰው ቢሰጡለትስ?»

እኔ፣
አሥራ አንድ ዓመት ነጭ የለበስኩት፣
ደም ሥር በጨለማ ዳስሼ የማገኝ፣
«ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ልቡም ቆሟል» አልኳት፣
«አይሆንም፣ እናቴ።»
ደግሞ በእርግጠኝነት!
እንደሚያውቅ ሰው፣ ትከሻዋን ይዤ።
«እንግዲያስ» አለች፤
መነጽሩን በመሀረብ ጠቅልላ ወጣች።

በሚያዝያ ለሥልጠና ጠሩን።
ከሻይ በፊት ወረቀት አደሉን።
ጥያቄ ቁጥር ሰባት፦
«ልብ ከቆመ በኋላ የዓይን ብሌን መለገስ አይቻልም።
እውነት ወይስ ሐሰት?»
እርሳሴ አልንቀሳቀስ አለ።
አጠገቤ ዶክተር ሪማንታስ አንገቱን አስግጎ
የእኔን ወረቀት ያያል፤
ለካ እሱም አያውቅም!

አሠልጣኟ መልሱን እንደ አየር ጠባይ ዜና አነበበችው፦
«ሐሰት። ሰዓታት አሉን። ዕድሜም ብቻውን አይከለክልም።»

ሰዓታት።
ለሰዓት ሠሪው ሰዓት ተርፎት ነበር፤
የቆመው የእኔ ነው።

ዛሬ ስጠየቅ «ቆዩኝ፣ ልጠይቅ» እላለሁ፤
የሚደወልበት ቁጥር ደረት ኪሴ ውስጥ ነው።
ለስታሴ ግን አልነገርኳትም።
አንድ ቅዳሜ ሱቁ ድረስ ሄጄ ነበር፤
መስኮቱ ውስጥ ሰዓቶቹ አሁንም ይሄዳሉ፣
እያንዳንዱ የየራሱን ይናገራል፣
የሚያስታርቃቸው የለም።
ደወሉን ሳልነካ ተመለስኩ።