ሚኒሞ

ሐረጎ ላይ ጠፋች፣ ከእጥፋቱ ላይ፣
ጉሙ ተጋድሞ፣ ገደሉ ሳይታይ።
እግሬን ከነዳጁ ጥቂት ሳነሳ፣
ሞተሩ መተንፈስ እንዳለበት ረሳ።
ከኋላዬ አይሱዙ ጥሩምባ ሲነፋ፣
ልቤ ወደ ቦርከና ቁልቁል ተደፋ።

«ትሮትል ቦዲው ነው» አለኝ ታጠቅ፣ መካኒኩ፣
የደሞዜ እኩሌታ ሆኖ ተገኘ ልኩ።
«እቤት እናጽዳው» አለ አባቴ ይመር፣
ዓይኑን ስኳር ወስዶት በጆሮው የሚያማትር።

ቅዳሜ ከሰዓት። ጦሳ ጉሙን እስከ አገጩ ስቦ፣
ጠባቡ ግቢያችን በታጠበ ልብስ ተከቦ፣
አባቴ በርጩማው ላይ፣ ምርኩዙ በጭኑ፣
«ከባትሪው ጀምሪ፣ አይሮጥብሽም ቀኑ።»
ካቻቢቴ ሰጠኝ፣ እጀታው የተላጠ፣
ከፊያቱ ዘመን ጀምሮ እጅ ያልለወጠ።
አራቱን ብሎኖች በሳርዲን ጣሳ
ቆጥሬ አኖርኳቸው፣ አንዱም እንዳይረሳ።

ቱቦውን ሳላቅቀው ጉሮሮዋ ታየኝ፣
የቆየ ዘይት ጠረን ከአፉ ተቀበለኝ፤
በመሃሉ አንዲት የነሐስ ቢራቢሮ፣
ክንፏ እንደ ድስት ቂጥ በጥላሸት ጠቁሮ።
ስትከፈት ዳገት ነው፣ ስትጠብ ቁልቁለት፣
ልትዘጋ ስትል ግን ፀጉር የምታህል ክፍተት፤
በዚያች ፀጉር መሀል ነው ሚኒሞ የሚኖረው፣
ጥላሸት ደፍኖት ነው ሐረጎ ላይ የቀረው።

ስፕሬዩን ስነፋ፣ ዘሀራ ልብሷን እየለቀመች
«መርዝ ነው ወይስ ሽቶ?» ብላ አስነጠሰች።
የወንድሜን የጥርስ ብሩሽ ሰርቄ
(ዛሬም አላወቀ)
ጥግ ጥጉን ፈተግሁ።
«በጣትሽ አትግፊያት!» አለ አባቴ ድንገት፣
«ውስጧ ጥርስ አለባት፣ አትወድም ጉልበት።»
ይህን ከየት አወቀ? ፊያቱ ይህ አልነበረውም።
ጆሮው ቀድሞኝ አይቷል መሰል፤ አልጠየቅሁትም።

አንዱ ጨርቅ ጠቆረ። ሌላው። እሱም።
ሦስተኛው ላይ ነሐሱ ቢጫ ሆኖ ወጣ።
ገጠምኩ። ብሎኖቹን ቆጠርኩ። አራት።
ባትሪውን መለስኩ። ቁልፉን አዞርኩ፣

ጮኸች!
እንደሚጎተት ፍየል፣ ያለ ነዳጅ፣ ያለ እግር፣
የዘሀራ ዶሮ አጥር እስኪዘል።
«አበላሸሁት፣ አባ! አበላሸሁት!»
እጄ ቁልፉ ላይ ሊያጠፋት ሲል
አባቴ ሳቀ።

«ተያት፣ ሰዓዳ። አታጥፊያት።
ስንት ዓመት በጥላሸት መሀል ስትተነፍስ ኖረች፣
ጠባቡን ለምዳ፣ በጠባቡ ልክ አስልታ።
ዛሬ ሰፊ ሰጠሻት።
ሰፊም ያስደነግጣል።
ትማር።»

ብሎ ዝም አለ።
እኔ ዓይኑ የጠፋ ሰሞን አስታወስኩ፣
በገዛ ቤቱ ደጃፉን ሲስት፣
ግንባሩን መቃኑ ላይ ሲገጭ፣
ከዚያም አንድ ቀን፣ ማንም ሳይመራው፣
ውሃ ቀድቶ ሲጠጣ።
እሱ ግን ያንን አላነሳም።

ተቀመጥን።
የዐስር አዛን ከሸዋበር በኩል መጣ፣
ሌላም ተከተለው፣ ሌላም፣
እሷ በሁሉም ላይ እየጮኸች።
የአባቴ ጣት ጭኑን ይመታል፣ ይቆጥራል፣
እየዘገየ፣
እየዘገየ፣
«አሁን…
ገና ናት…
ይኸው!»

ሰው ተኝቶ እንደሚተነፍሰው ያለ ድምፅ።
ዘሀራ እንኳ «አጠፋሽው?» አለች።

ሰኞ ማታ፣ በዚያው እጥፋት፣ በዚያው ጉም፣
እግሬን አነሳሁ። ጠበቅኩ።
አይሱዙው ዛሬም ጥሩምባውን ነፋ፤
ይንፋ።

አምሽቼ የሰባተኛ ቢን ደብተር ሳርም
ከአንዱ ልጅ «ስምንት ከአስር» ጎን
የአውራ ጣቴን ጥቁር አሻራ አየሁት።
ሳሙናም፣ ሎሚም፣ ቤንዚንም አልበገረውም ነበር።
በማግስቱ ልጁ ደብተሩን ዘርግቶ
«ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው?» አለኝ።
«ማህተም» አልኩት።
እያሳየ ሄደ።