ጉጥ

ከእንየው በር ሥራ የተረፈ ዋንዛ፣
አንድ ክንድ ከስንዝር፣ ቀለሙ የወዛ።
እሳት አልሰጠሁትም። ብቸና ክረምት ነው፣
መብራቱም አልመጣ፣ በር የሚያሠራ ማነው?

መሐሉን በክር ይዤ ቦይ አወጣሁለት፣
ሃያ ሃያ ጉድጓድ ግራ ቀኝ በሳሁለት።
እጥፍ ቢል እንደ ጨርቅ አንዱ ከአንዱ ይገጥማል፤
የሠላሳ ዓመት እጄ በዚህ ልክ ይምላል።

ሕጉ አጭር ነው፦ ሁለት ሰው ተራ በተራ ይዘራል፣
ከተዘራው አጠገብ ያለ ጉድጓድ ጦም ያድራል፣
(ቦዩ ጉርብትና ይቆርጣል)
ቦታ ያጣ ይከስራል።

የወፍጮ ቤቱ ልጅ ባንቻየሁ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣
እፍኝ ጓያ ይዛ መጣች ከእናቷ።
ከግራ ጥግ ስዘራ ከቀኙ ጥግ ዘራች፣
ወደ ቦዩ ስጠጋ እሷም ተጠጋች፤
ሰባቴ ገጠምን፣ ሰባቴ ረታች።
«ምን አስበሽ ነው?» ስላት ሽምብራዬን ቆረጠመች፤
«አላሰብሁም ጋሼ፣ እጅዎን ነው ያየሁ» አለች።

ሌሊቱን ተገላበጥሁ፣ በጥላዬ ተረትቼ፤
ማለዳ ቦዩ መሐል አንድ ጉድጓድ ከፍቼ፣
ጀማሪ ሆንሁና መሐሉን ቀድሜ ያዝሁ፣
ከዚያ እኔው መስታወት ሆንሁ፤
የዘራችውን ሁሉ ከማዶ ዘራሁ።
ሰባቴ ረታሁ። አፈርሁ።
«ይኼማ ‹ማን ይጀምር› ነው፣ ጨዋታ አይደለም» አለች፣
ጓያዋን ሰብስባ ወደ ወፍጮው ሄደች።

ሌላ ሰሌዳ ጀመርሁ። ቀኙን ሃያ ጨረስሁ፣
በግራው ዐሥራ ሦስተኛው ላይ ደረስሁ፤
መሰርሰሪያው ጮኸ፣ ጫፉ ተሰበረ፦
ጉጥ። ዋንዛው ዛፍ ሳለ ቅርንጫፍ የነበረ።
ልወረውረው ስነሣ ከደጃፉ ቆማለች፤
«በዚሁ እንጫወት፣ እንዳለ ይሁን» አለች።

ግራው ዐሥራ ዘጠኝ፣ ቀኙ ሃያ።
በሁለት ጣቷ መሐል አንዲት ጓያ፣
እጇ አየር ላይ ቀረ፤
ዓይኗ ከእጄ ወርዶ ሰሌዳው ላይ አደረ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አመሸ፤
ማን እንደረታ እንጃ፣ ኩራዙ ቀድሞ ጠፋ።

አሁን እንጨት ሻጩ አንሙት ባየኝ ቁጥር ይስቃል፤
«ስንቱን ጣውላ በጉጥ ሰበብ መልሰህብኝ፣
ዛሬ ጉጥ ያለው አምጣ?» ይላል።
መልስ የለኝም። ጣውላ ጣውላውን በመዳፌ እዳብሳለሁ፤
ሻካራው ሲነካኝ፣ የጠራውን ዋጋ እከፍላለሁ።