ሂኔ አፍ

አፉላ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መብራቱ የጠፋ ክፍል፤
ያልጋነሽ በጀርባዋ፣ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ጄል።
ላሪሳ መሣሪያውን ገፋች፣ አዞረች፣ መለሰች፣
በግራጫው ካፊያ መሐል አንዲት ነጭ ሰረዝ አገኘች፤
«ሂኔ አፍ» አለች።

ያልጋነሽ እኔን አየች።
«አፍ ብቻ? አፍንጫውስ?» ብላ ጠየቀች።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሚከፈለኝ በሰዓት፣
ቃል አሻጋሪ፣ ከማዶ ቤት ወደዚህ ቤት።
ስንቱን ተሸክሜያለሁ፤ ስኳር፣ ግፊት፣ ኩላሊት፤
ይህቺን ሁለት ፊደል ግን ስሸከም አንድ ቀን አልቀናኝ፣
በነሱ አፍ አፍንጫ ናት፣ በኛ አፍ አፍ፤ ሁሌ መሐል ጣለችኝ።
ቁጣንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል፣ አፍ፣ ንዴት ሲመጣ፤
እኛስ «ቁጣው አፍንጫው ላይ» እንል የለ? ከየት መጣ?

«አፍንጫ ማለቷ ነው» አልኳት፤ አላረፈም ልቧ፤
«ታዲያ አፍ ለምን ትላለች?» ተሰቀለ አንድ ቅንድቧ።
ላሪሳ ሳቀች። እሷም በሰው ቋንቋ ነው የምትኖር፤
ሠላሳ ዓመት ሆኗት እንኳ የእናቷ ናት ያቺ «ር»።
ወረቀት ገልብጣ፣ በእስክሪብቶ ክብ ሣለችላት፤
«ተርጉሚ» አለችኝ፣ «አልተሳሳትሽም በያት።»

በአምስተኛው ሳምንት ምስር ነው የሚያክለው፣
ፊት አለው አይባልም፣ ፊት የሚሆን ነው ያለው።
ከግንባሩ ግራና ቀኝ ቆዳው ወፈር ይላል፣
እዚያው ላይ ይሰረጉዳል፣
አውራ ጣት በሊጥ ላይ ተጭኖ የተነሣ ይመስላል።
ሁለቱ ጉድጓዶች ያኔ ሩቅ ለሩቅ ናቸው፣
እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች፣ ሜዳ ነው መሐላቸው፤
ጉንጭ የሚሆነው ከጎን መጥቶ ገፋ ገፋ ሲያደርጋቸው
ይቀራረባሉ፣ ዳር ለዳር ይነካካሉ፣ ይሰፋሉ።
«ከላይኛው ከንፈርሽ በላይ ያለችው ስርጉድ፣ እሷ ናት ስፌቱ» አሉ።
(«አሉ» ያልኩት እኔ ነኝ። ላሪሳ እንዲህ አላለችም፤
ስፌት የሚለውን ቃል እሷ አታውቀውም።)
ያልጋነሽ ጣቷን አነሣች፣
በጨለማው የራሷን ፊት እንደ እንግዳ ቤት ዳበሰች።

«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ውስጡ አንድ ክፍል ነው፣
ጣሪያም ወለልም ገና ያልተለየው።
ሁለት ሳንቃ ከግራ ከቀኝ መጥተው እስኪገጥሙ ድረስ፣
ላንቃ ሆኖ አንዱ ቤት ሁለት ቤት እስኪሆን ድረስ፣
አፍ ብትዪው ያው ነው፣ አፍንጫ ብትዪው ያው ነው።»
አሻገርኩት። አንዲት ቃል እንኳ ሳትወድቅብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀዳዳዎቹ አሁን ድፍን ናቸው ስላት ክው አለች፤
ላሪሳ ግን እጇን ያዘች፦
እንደ አዲስ ቤት በር ነው፣ ፕላስቲኩ ያልተላጠ፣
ወራት ቆይቶ ይከፈታል፤ ውሃ ይስባል፣ ያስወጣል፣ አየር ሳያውቅ የቀመጠ።
ያን ጊዜ አንቺ የበላሽው፣ ነጭ ሽንኩርት ይሁን አብሽ፣
እሱ ዘንድ ይደርሳል ሽታሽ።

አንድ ነገር ጨመረች፣ ዝቅ አድርጋ ድምጿን፦
አፍንጫው ውስጥ የተወለዱ ጥቂት ሴሎች አሉ፣ ተነሥተው መንገዳቸውን
ወደ አንጎል ይሄዳሉ፤ የነርቭ ክር ተከትለው፣
የቀሩት መንገድ ላይ ቀርተው፣
የደረሱት ዐሥራ ምናምን ዓመት ድምፃቸውን አጥፍተው
ይቀመጣሉ፤ አንድ ቀን ልጁን የሚያጎረምሱት እነሱ ናቸው።
«በእግር?» አለች ያልጋነሽ። «እነሱም በእግር?»
ምን ብዬ ልተርጉም? ዝም አልኩ። ላሪሳም ጄሉን ጠረገች፣ አልተናገረችም ነገር።

ኮሪደሩ ላይ ጎበዜ፣ ኪሱ የሱፍ ፍሬ ሞልቶ፣
እናቱ «ሰልካካ ነው ጎራዳ?» እያለች ስልክ አስደውላው ሰልችቶ፣
ከወንበሩ ብድግ አለ።
«አፍ አለው» አለችው።
«በአማርኛ ነው በዕብራይስጥ?» አለ።

መልስ አልሰጠችውም፤
ጎራዳ አፍንጫውን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ ቶሎም አልለቀቀችውም።