አንድ ነጥብ ሠላሳ

ሰኔ ነው ድሬ ላይ፤ ሌሊቱም አይበርድም፤
ቆርቆሮ የዋጠው ፀሐይ ተተፍቶ አያልቅም።
ጉሌድ ከመጋላ በባጃጅ የጫነው
ጥቁሩ ኮምፒውተር ሱቄ ወለል ላይ ነው።
«ቅዳሜ ሦስት ሠርግ፣ እሑድ ደግሞ ሁለት፤
አንዱን ቪዲዮ ሲያወጣ ይፈጃል ሌሊት።
ሙሽሪት ወለደች፤ ልጇም በእግሩ ሄደ፤
ፊልሟ ግን ገና ነው፤ አፍጥኚው» ብሎኝ ቀብድ ጥሎ ወረደ።
የፕላስቲክ ወንበሬ ከገላዬ ተዋሐደ።

ባዮስ ውስጥ ገባሁ፤ ፍጥነቱን ጨመርኩት፤
ከሦስት ነጥብ ስምንት አራት ተኩል አልኩት።
የሚሮጥ ይርበዋል፤ ቮልቴጅ አጎረስኩት፤
አንድ ነጥብ ሠላሳ፣ በቁጥር ጻፍኩለት።

ተነሣ። መለኪያው ስክሪን ላይ ሲወጣ
አንድ ነጥብ ሃያ ስምንት ብሎኝ መጣ።
ሁለት መቶኛዋ በየት በኩል ሾለከች?
ደላላ በሌለበት ማን ኪስ ውስጥ ገባች?

ከዚያ የጉሌድን ሠርግ እንዳለ ጫንኩበት፤
ከበሮውን፣ እልልታውን፣ የመኪናውን ጥሩምባ።
ቁጥሩ ይወርድ ጀመር፤
ሃያ አራት፣
ሃያ ሁለት፣
ሃያ አንድ።
ሰማያዊ ገጽ። ዝም።
ሙሽራው ለጭፈራ እግሩን እንዳነሣ ቀረ።

ደግሜ አስነሣሁት፤ ደግሜ ጫንኩበት።
የቴስተሬን ጥቁር ጫፍ ከብረቱ አስጠግቼ
ቀዩን በሁለት ጣት፣ ካፓሲተሩ እግር ላይ፣
ላቤ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ትንፋሼን ውጬ።
ስክሪኑ ሃያ አንድ ሲል፣ ቴስተሩ ሃያ አምስት።
ያዘዝኩት ሌላ፣ የነገረኝ ሌላ፣ የለካሁት ሌላ፤
ለአንድ ነገር ሦስት ምስክር፣
ዳኛዋም እኔ፣ ያውም በእኩለ ሌሊት።

ጎረቤቴ ሙሴ በልሁ እንቅልፍ የላቸውም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የምድር ባቡር ሽቦ ጠግነው
ከጡረታቸው ጋር ይዘውት የወጡት ይህን ብቻ ነው፤
አለመተኛትንና
ቮልቴጅን «ቮልታዥ» ማለትን።

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን ረስተዋል።
«አንብቢልኝ» አሉ። ሦስቱንም አነበብኩላቸው።
«ሳይጫን የተለካ ቮልታዥ ወሬ ነው፣ ልጄ።
ማታ ሳቢያን ሁሉ ፋኑን ሲለኩስ
አምፖሉ ቀልቶ ቀልቶ ሲያለቅስ
አላየሽም? ጭነሽ ለኪ።
የት ቆመሽ እንደለካሽም አትርሺ፤
ምንጩ ጋ ሌላ ነው፣ እንስራው ጋ ሌላ፤
መሐል ላይ መንገዱ ይጠጣል።»

«መውረጃውን የሚያርም ማስተካከያ አለው፤
እስከ ጥግ ብሰቅለው ቁጥሩ አይወርድም» አልኳቸው።
«ሸክም ያለበት ሰው ጎንበስ ይላል፤ ነውር የለውም።
ጎንበስ እንዳይል ወገቡን ብታስሪው
ሸክሙ በድንገት ሲወርድለት ይዘላል።
ያን ዝላይ ይህ ቴስተርሽ አያየውም፤
እሱ የሚያውቀው አማካዩን ነው።
ደቻቱን ስንት ዓመት አየሁት፤
ሁልጊዜ አሸዋ፣ ሁልጊዜ ደረቅ፣
ልጅ ኳስ የሚጫወትበት፣ ግመል የሚያቋርጠው።
የዚያን ለት ሌሊት ግን…»
አልጨረሱትም።
ፋኑ ብቻ ይዞራል።

ፍጥነቱን ወደ አራት ነጥብ ሦስት መለስኩት፤
ማስተካከያውንም ከመሐል አቆምኩት።
ሠርጉን ስጭንበት ሃያ አራት ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ፤
ሙቀቱ ሰባ ስምንት፤ ለድሬ ይህም ብርድ ነው።
ሙሽራው እግሩን አሳረፈ። ሚዜዎቹ ዘለሉ።

«እርስዎስ፣ ሙሴ፣ ደህና ነዎት?»
«ደህና» አሉኝ፣ ዓይናቸው ሙሽራው ላይ።
ሳልጭን ነበር የጠየቅኳቸው።
ሲነሡ በርጩማውን ተደግፈው፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ ትከሻዬን።

ሊነጋ ሲል ስልኬ ጮኸ። ጉሌድ ነው።
«ስንት ሆነ?»
«የቱ?» አልኩት።