ቁልቁለቱ በነፃ ነው

ጦሳ ከራሱ ላይ ጭጋጉን ሳያወልቅ፣
ሸዋ በር ነኝ፣ ቆሜ፤ ሰልፉ እንደሁ አያልቅ።
አሥራ ሁለት ሰው ልኩ፣ አሥራ ሰባት ሆነን፣
ጉልበት ከጉልበት ጋር እንደ ጥርስ ገጥመን፣
ረዳቱ ታሪፍ ላይ አምስት ብር ጨመረ፤
"ትናንት እኮ..." ያለም በዚያው ዋጠው፣ ቀረ።

ሐረጎ አናት ላይ ሞተሩ ጠፋ።
ተበላሽቶ አይደለም፤
ሽኩር ነው፣ ሾፌሩ፣ ቁልፉን ያጠፋ፤
ያ ሁሉ ቁልቁለት እስከ ኮምቦልቻ በነፃ እንዲገፋ።
ነፋስና ጎማ፤ ሌላ ድምፅ የለም።
ከጎኔ ዱዓ አለ፣ ከኋላዬ ስመ አብ፤
ሁለቱም ለፍሬን ነው፤ አይለያይም።

ሽኩርን አስተምሬዋለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል፤
የፊዚክስ ፈተና ስሙን ጽፎ ብቻ ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ የሚኮበልል።
"ቲቸር!" አለ ዛሬ፣ በመስታወት አይቶኝ፣
"የከፍታ ጉልበት ያልከን ይሄ አይደል? አሁን ነው የገባኝ።"
"ይኸው ነው" አልኩት፤
ከስምንት ዓመት በኋላ ሙሉ ውጤት ሰጠሁት።

በመምህራን ማረፊያ መኮያ፣ የሒሳቡ፣ ደሞዙን በሊትር ያሰላል፤
"ያምናው ይህን ያህል ጀሪካን፣ የዘንድሮው ይህን ያህል" ይላል፤
ጭማሪውን ሲደምርበት ጀሪካኑ ይቀንሳል።
እንስቃለን።
ስሌቱ ትክክል ነው፤ ደጋግመን አይተነዋል።

ማታ ግን ዳገት ነው፤ ደሴ ላይ ናት፣ ቤቴ ደሴ፤
ጧት በነፃ የወረድኳት ሜትር ሁሉ
ትጠብቀኛለች፣ እጇን ዘርግታ ወደ ኪሴ።

መኪና አለችኝ እኮ!
በአሥር ዓመት ዕቁብ፣ በሚስቴ የአንገት ሀብል የመጣች፤
ሆጤ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ከመስከረም ወዲህ ሸራ ለብሳ የተኛች።
የማደያው ሰልፍ ሁለት ቀን ይፈጃል፤
በሃይላንድ የሚሸጠው እንደ ሽቶ በጠብታ ይቆጠራል።
ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራዋን ገልጬ አጥባታለሁ፤
ለማን እንደሆነ ራሴን አልጠይቅም፣ አውቃለሁ።
ለሰፈሩ እስከ ዛሬ "ባለ መኪናው" ነኝ፤
ለዕድርም ለሠርግም፣ መዋጮ ሲጻፍ ከላይ ነው የሚያሰፍሩኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት በሬ ተደበደበ፤
እትዬ ጦይባ ናቸው፤
ልጃቸው ሰዓዳ ምጥ ይዟት፣ ሰው ተሰበሰበ።
"ቤንዚን የለኝም" ልል አፌን ከፈትኩና
ከደንኩት፤ የዚያ ቃል ትርጉሙ ሰፊ ነውና።
ቁልፉን ይዤ ወጣሁ።
ስድስት ጎረምሳ ከእንቅልፉ ተጠርቶ
ገፋት፣ ገፋት፣ ገፋት፣ መታጠፊያው ድረስ፣
የአንዱ ነጠላ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ።
ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው።

ሞተር የለ፣ ጡሩምባ የለ፤ "አይዞሽ ልጄ" እና የሰዓዳ ጩኸት፣
እኔም መሪውን ጨብጬ
የሽኩር ተማሪ ሆኜ ያንን ሌሊት።
ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ፍሬኑን ሳልረግጥ፣ እሷው ቀስ ብላ ቆመች፤
ሰዓዳም ሳይነጋ ሴት ልጅ ተገላገለች።

"መኪና ያለው ጎረቤት አይጥፋ!"
አሉኝ እትዬ ጦይባ፤ እኔም አሜን አልኩ።
ሽቅብ የሚገፋት ግን ጠፋ።

እስከ ዛሬ እዚያው ናት።
ቅዳሜ ባልዲና ጨርቄን ይዤ ወረድኩና
ዘበኛው እያየኝ፣ ታካሚው እያየኝ፣
ጎማዋ ሳይቀር አጠብኳት።