የልክ ልክ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከዝገት ክምር ሥር
አንተን ገዛሁ፣ በሁለት መቶ ብር፤
ከአሮጌ የቴሌ ዕቃ የተነቀልክ ክሪስታል፣
ግንባርህ ላይ «በሰከንድ አሥር ሚሊዮን ምት» ይላል።
ይላል! የማይል ማን አለ?
የእህል ነጋዴው ሚዛንም «ልክ ነኝ» እያለ
ስንቱን ኪሎ አጎደለ።

ሱቄ ፒያሳ ናት፣ ከፖስታ ቤቱ ቁልቁል፤
አንድ ወንበር፣ አንድ ካውያ፣ አንድ አምፖል።
ቀን የሰው ሰዓት አድሳለሁ፣ ስልክም፣ ምን ይደረግ፤
ማታ በሬን ቆልፌ ሌላ ነው የምፈልግ፦
ለገበያ የማይወጣ፣ ለማንም የማይታይ፣
ምቱ ከምቱ የማይለይ።

አያልነሽ ከጎኔ፣ ክር ስትሸጥ፣ ትስቃለች፤
«እኛ አገር» ትላለች፣
«የሦስት ሰዓት ሠርግ በስድስት ይጀመራል፤
ያንተ የሰከንድ ፍርፋሪ ለማን ይቆጠራል?»

መልስ የለኝም።
ሁለት ምስክር ሲጣላ ዳኛ ሦስተኛ ይጠራል፤
ሦስተኛውን ግን ማን ያጣራል?
ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ቆርቆሮው ላይ አንቴና ተከልኩ፤
ከሳተላይት በየሰከንዱ አንዲት ምት ተቀበልኩ።
የሰዓቱን ስም ተውኩት፤ እሱ የሚቆጥረው ከባዕድ እኩለ ሌሊት፣
እኔ ከጎንደር ንጋት፤
ምት ግን አገር የለው፣ አልተጣላንም በምት።

ትርንጎ፣ ማራኪ ካለው ቤተ ሙከራ፣
የድግግሞሽ ቆጣሪ አመጣችልኝ በአደራ።
«ሳይሞቅ እንዳትለካው» አለች አስጠንቅቃ፤
«ብርድ የመታው ክሪስታል ገና ሲነቃ
የሚቀባጥረውን አትጻፍ።»
አንድ ቀን አንድ ሌሊት አሞቅኩት፤ ልጽፍ ብዕሬን ሳነሳ
መብራት ሄደ።
እንደገና፣ በባጃጅ ባትሪ፣ ከሀ።

ምን አየሁ? የሰማዩ ምት ይንገዳገዳል፤
አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይሄዳል፤
ለቅጽበት ካየኸው የሰካራም አካሄድ፣
ሳምንት ከታገስከው ግን የማይስት መንገድ።
ክሪስታሉ ጨዋ ነው፣ አንደበቱ የረጋ፤
ከምት እስከ ምት አይዛነፍም፣ ብታደባበት እስኪነጋ፤
ግን ከቀን ወደ ቀን፣ ድምፁን ሳያሰማ፣
እንደ ድንበር ገፊ ጎረቤት በጨለማ፣
ስንዝር፣ ስንዝር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቀትርን በጥላቸው፣
በጫማ ሰፍረው የሚያውቁ፤ ሰዓት አልነበራቸው።
ዕለትን በስድሳ፣ ያንንም በስድሳ ሲሸነሽኑት፣
ኬክሮስ፣ ካልዒት፣ ሣልሲት፣ ራብዒት፣ ሐምሲት፣
እስከ ሳድሲት፤
ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ አእላፍ የሚያልፍ ሽርፍራፊ።
«ሳድሲትን ማን አየው?» ብዬ ጠየቅኩ፣ ልጅ ሆኜ።
«አንተንስ ማን ጠየቀህ?» አሉኝ፣
በመቋሚያቸው ጎሸም አደረጉኝ።

ዐሥራ አንደኛው ቀን ላይ ደብተሬን ገለጥኩ፤
ስሌቱን በእሳቸው ቋንቋ ገለበጥኩ፦
«በቀን አራት ሐምሲት ይቀድማል።»
ቢያዩት ምን ባሉ።
የመፍቻዬን ጫፍ ከብሎኑ አስገጥሜ፣
ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ እጄን በእጄ ደግፌ፣
የፀጉር ያህል አዞርኩት።
የልክ ልኩን ነገርኩት!

ለሰማዩስ፣ የልክ ልኩን የሚነግረው ማነው?
ቆጣሪዬንስ፣ ከትርንጎ በፊት፣ ማን ቆጠረው?
ይህንኑ ይዤ አደርኩ።

ሲነጋ አያልነሽ መዝጊያውን ቆረቆረች፤
«በል እንግዲህ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አለች።
ወደ ክሪስታሉ ዞርኩ።
ፊት የለው፣ ጠቋሚ የለው፤ ገና አልሠራሁለትም፤
አሥር ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፣
ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አያውቅም።
ሳቋን እንደምንም ውጣ ስልኳን አየች፤
«ሁለት ከሩብ» አለች።
ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በእርሳስ።