የወልደሐና ቤት፣ ሞላሌ

ከኦስሎ፣ ከደርባን፣ ከሜልበርን መጥተን፣
ሞላሌ ወረድን ሁለት አውቶቡስ ሞልተን።
በየአንገታችን ላይ ካርዱ ተንጠልጥሏል፣
«የወልደሐና ቤት» በቀይ ቀለም ይላል።

ብርዱ ግን ካርድ አያነብ፤ ሁሉንም ነከሰ፣
ግማሹ ባና ገዛ፣ ግማሹ ተዋሰ።
የሜልበርኑ መሐንዲስ፣ በቁምጣ የመጣው፣
«አገሩ ሞቃት ነው» ያለውን ሰው አጣው።

ጋሼ እንግዳሸት፣ ምርኩዝ ተደግፈው፣
ቆጠሩልን ዘሩን፣ ሰባት ትውልድ አልፈው፦
«ወልደሐና ድንቁን፣ ድንቁ ደግሞ ግዛውን፣
ግዛው ሽብሩን ወለደ፣ ሽብሩ አስፋቸውን…»
የኦስሎዋ ኮረዳ ስሙ አልገባትም፤
ጆሮዋ እንደሳቸው ታጥፏል፤ አልመጣም ከየትም።

ያን ጊዜ ከበሩ አንዲት አሮጊት ቆመች፣
ካርድም የላት፤ ከሞላሌ ወጥታ የማታውቅ ነበረች።

«ድንቁን ብቻ ነው ወይ?» አለች፣ ዝግ ብላ፣
«ከወርቂትም ወልዷል፣ ከወፍጮዋ ኋላ።
ርስቱን አልጠይቅም፤ ርስት ዛሬ የለም፣
ስሟን ጨምሩልኝ፤ የሷ ነኝ፣ ጥሩዓለም።»

ጋሼ ዝም አሉ፤ ምርኩዛቸው ብቻ መሬቱን ጫረ።
ካርድ አዳዩ ጎልማሳ «ዝርዝሩ ተዘግቷል» ሊል ጀመረ፤

ነፋስ ሻሿን ገፈፈው።
ልጅቱ አየች።
ሄዳ የራሷን ጆሮ፣ ከዚያ የአሮጊቷን ነካች።

ጋሼም ጉሮሮ ጠርገው፣ ዐይናቸውን ሰብረው፣
«ወልደሐና…» አሉ፣ እንደገና ከሥር ጀምረው።
ወርቂት ላይ ደረሱና «የማን ልጅ?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥሩዓለም ዝም።
የሚያውቁት አለቁ።